አብዮት ሲመጣ ሠዓሊው ምን ይሥላል?

  ባለፈው ወር ስለ ሽሮ ብዙ ስለጻፍኩ በዚህ ወር ምግብ የለም። ማለቴ ጽሑፉ ላይ የለም፤ ቤቱ ውስጥማ ሞልቷል።

ነገሩን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሬስቶራንቱን ታግዘኛለች፣ 10ኛ ክፍል ናት። መምህሯ ሬፌራት ሰጥቷታል፦ በአብዮት ዘመን የተሣሉ ሁለት ሥዕሎችን አወዳድሪ፣ አንዱ ኒዮክላሲክ ይሁን፣ ሌላው ሮማንቲክ። እንግዳ በሌለበት ሰዓት መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «አክስቴ፣ አንቺ የቱን ትመርጫለሽ?» አለችኝ። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ እሱም ሒሳብ አያያዝ ነበር። ግን አብዮት ከተባለ የእኔ ትውልድ ምን ይጎድለዋል? ሽንኩርቱን ትቼ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቀቀኝም፣ መጽሐፍም አገላበጥኩ፣ ሙዚየምም ሄድኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ሮማንቲክ» ሲባል ሻማና ቀይ አበባ አይምጣባችሁ። እዚህ ቃሉ የአንድ ዘመን የአሣሣል ስም ነው፤ ፍቅረኛሞች የሌሉበት፣ ሬሳ የሞላበት ሥዕልም ሮማንቲክ ይባላል። ኒዮክላሲክ ደግሞ «አዲሱ ክላሲክ» እንደማለት ነው። በ1700ዎቹ አጋማሽ ጣሊያን አገር ፖምፔ የሚባለው በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረ ከተማ መቆፈር ሲጀምር፣ አውሮፓ የጥንት ሮማና ግሪክ ፍቅር ያዘው። ዓምድ፣ ነጭ ድንጋይ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥ ያለ ሰው። ስሜት አይታይም፣ ከታየም በልክ ነው። ሮማንቲኮቹ ከእነሱ ኋላ መጡ፣ «ሰው እኮ ሐውልት አይደለም» አሉ፤ ማዕበል፣ ሌሊት፣ ፍርሃት፣ ቁጣ፣ የየአገሩን ተረት መሣል ጀመሩ። በኔ ቋንቋ ልንገራችሁ ከተባለ፣ ኒዮክላሲክ ማለት 12 ብልቱ ተቆጥሮ፣ በሎሚ ታጥቦ፣ በሥርዓት ድስት የገባ ዶሮ ነው። ሮማንቲክ ደግሞ ጥብስ ነው፤ ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ ልብስ ላይ ይፈናጠራል። ሁለቱም ይበላሉ።

የእህቴ ልጅ የመረጠችው የመጀመሪያው ሥዕል የዣክ ሉዊ ዳቪድ ነው፣ «የሆራቲዎች መሐላ» ይባላል። ሮም ውስጥ ተሥሎ በ1785 ፓሪስ ታየ፤ የፈረንሳይ አብዮት ከመፈንዳቱ 4 ዓመት በፊት ማለት ነው። ገንዘቡን የከፈለው ደግሞ የንጉሡ ቤት ነው፣ አይገርምም? ቁመቱ 3 ሜትር ከ30፣ ጎኑ 4 ሜትር ከ25 ነው፤ የሬስቶራንቴን አንድ ግድግዳ ይሸፍናል። ሦስት ወንድማማቾች እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ይምላሉ። አባትየው መሃል ቆሞ ሦስት ጎራዴ ከፍ አድርጎ ይዟል። ከኋላቸው ሦስት ቅስት አለ፣ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቅስት። እግራቸው፣ ክንዳቸው፣ ጎራዴው፣ ሁሉም መስመር ነው። የብሩሽ ምልክት እንኳ አይታይም፣ ልክ እንደ ተወለወለ ዕቃ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሮማና አልባ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ከተሞች ተጣሉ። ሠራዊቱ ሁሉ ከሚያልቅ ከዚህም ከዚያም ሦስት ሦስት ወንድማማች ይዋጉ ተባለ። ከሮማ ሆራቲዎች፣ ከአልባ ኩሪያቲዎች። ችግሩ ግን ሁለቱ ቤተሰቦች ተጋብተዋል! የአንዱ ሆራቲ ሚስት የኩሪያቲዎቹ እህት ናት። የሆራቲዎቹ እህት ካሚላ ደግሞ ለአንዱ ኩሪያቲ ታጭታለች። ማንም ያሸንፍ፣ ሴቶቹ ይቀብራሉ።

አሁን የሥዕሉን ቀኝ ጥግ ተመልከቱ። ሴቶቹ እዚያ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ወድቋል፣ ራሳቸውን ደፍተዋል። ወንዶቹ ቀጥ ሲሉ እነሱ ቀልጠዋል። ከኋላቸው አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ሁለት ሕፃናት አቅፋ ዓይናቸውን ለመጋረድ ትሞክራለች። አንደኛው ልጅ ግን በጣቶቿ መሃል አሾልኮ ያያል።

ይህን ልጅ ሳይ ምን ልበላችሁ፣ እኔን ነው ያየሁት። ቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ በሩን ስትዘጋ እኔ በቀዳዳው አያለሁ። የጎረቤታችን የበኩር ልጅ፣ ሒሳብ የሚያስጠናኝ የነበረው፣ አንድ ሌሊት ተወሰደና አልተመለሰም። እናቱ እንድታለቅስ አልተፈቀደላትም። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ጥቁር መልበስም ያስጠረጥራል። ሴትየዋ ሽንኩርት እየላጠች ታለቅስ ነበር፤ ሰው ከመጣ «ሽንኩርቱ ነው» ትላለች። የኛ ቤት ሽንኩርት ሁሉ ወደ እሷ ይሄድ ነበር፣ እናቴ እያወቀች ትልክላት ነበር።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ «ዳቪድ ሴቶቹን ንቋቸዋል፣ ጥግ አስቀምጧቸዋል» ስትለኝ፣ እውነቷን ነው፣ ግን ሌላም ነገር አለ። ዳቪድ ቢያንስ እንዲያለቅሱ ፈቅዶላቸዋል። የሥዕሉን ሲሶ ሰጥቷቸዋል። መሐላውን ብቻ ሊሥል ይችል ነበር እኮ። የኛን ዘመን አደባባይ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ደግሞ ሌላ ነገር። በቅርቡ አገር ቤት ጦርነት በነበረ ጊዜ፣ ሬስቶራንቴ ውስጥ ለዓመታት አንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ጠረጴዛ ለዩ። ከሁለት ወገን የተጋቡ ባልና ሚስት ነበሩ፣ መምጣት አቆሙ። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ነው የሚማሩት። ካሚላ ማለት እዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ ስንቷ ናት! ጥንታዊው ታሪክ እንደሚለው ካሚላ እጮኛዋ መሞቱን ሰምታ ስታለቅስ፣ አሸንፎ የተመለሰው ወንድሟ «ለጠላት ታለቅሻለሽ?» ብሎ ገደላት። ዳቪድ ይህን አልሣለውም። እሱ የሣለው መሐላውን ነው፣ ሁሉ ነገር ንጹህ የሆነበትን ደቂቃ።

ሠዓሊው ራሱ አብዮቱ ውስጥ እስከ አንገቱ ገባ። የምክር ቤት አባል ሆነ፣ ንጉሡ እንዲሞት ድምፅ ሰጠ፤ ያ ሥዕሉን ያዘዘለት ንጉሥ ማለት ነው። በ1793 ወዳጁ ማራ በቆዳ በሽታ ምክንያት ተዘፍዝፎ በሚውልበት ገንዳ ውስጥ ሻርሎት ኮርዴ በምትባል ሴት ተወግቶ ሲሞት፣ ዳቪድ እንደ ሰማዕት አድርጎ ሣለው። ግድግዳው ባዶ፣ ብርሃኑ ጸጥ ያለ፣ ክንዱ ከመስቀል እንደወረደ እንደ ክርስቶስ ክንድ የተንጠለጠለ። ቆዳው ላይ በሽታ የለም! ሮቤስፒዬር ሲወድቅ ዳቪድ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ከዚያ የናፖሊዮን ሠዓሊ ሆነ፣ ናፖሊዮንም ሲወድቅ ተሰዶ ብራሰልስ ሞተ። ስደተኛ ሆኖ ነው የሞተው። ንጉሥ፣ አብዮት፣ ንጉሠ ነገሥት፣ ለሁሉም በዚያው ንጹህ መስመር ሣለ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

ወደ ሮማንቲኮቹ እንምጣ። ደላክሯን ከማንሳቴ በፊት ግን የዤሪኮን ሥዕል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የኛን ቤት የሚነካው እሱ ነው። በ1816 ሜዱሳ የምትባል የፈረንሳይ መርከብ በምዕራብ አፍሪካ፣ በሞሪታኒያ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ካፒቴኑ ለቦታው የበቃ አልነበረም፤ በዘመድና በውለታ የተሾመ ሰው ነበር። ጀልባው አልበቃ ስላለ 147 ያህል ሰዎች ከእንጨት በተገጣጠመ ታንኳ ላይ ተጫኑ፤ ታንኳውን እንዲጎትቱ የተባሉት ጀልባዎች ገመዱን ለቀቁት። ከ13 ቀን በኋላ ሌላ መርከብ ሲያገኛቸው በሕይወት የነበሩት 15 ነበሩ። ዤሪኮ ይህን በ1819 ሣለው፣ ስፋቱ 7 ሜትር ይሆናል። ከታች የሞቱት አሉ፣ ልጁን ታቅፎ የደነዘዘ አባት፣ ከላይ ደግሞ ሩቅ ለምትታይ መርከብ ጨርቅ የሚያውለበልብ ጥቁር ሰው። የሁሉም ተስፋ በእሱ ክንድ ላይ ነው።

ከእንግዶቼ መካከል በሊቢያ አድርገው በባሕር የመጡ አሉ። አንዱ ይህን ሥዕል ሳሳየው ብዙ አየውና «ውኃው ልክ እንደዚህ ነው» ብቻ ብሎ ቡናውን ጠጣ። ዳቪድ ይህን ታንኳ ቢሥለው ኖሮ፣ እኔ እንጃ፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር መሰለኝ።

ከሞዴሎቹ አንዱ ሆኖ ታንኳው ላይ የተደፋው ወጣት ኦዤን ደላክሯ ነበር። እሱ ነው ኋላ «ነጻነት ሕዝቡን ስትመራ» የሚለውን የሣለው። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ምርጫ እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥዕል የ1789 አብዮት ይመስለዋል። አይደለም፤ የ1830 ነው። በሐምሌ ወር በሦስት ቀን ውስጥ ፓሪስ ተነስታ ንጉሥ ቻርልስ አሥረኛን አባረረች። ደላክሯ ራሱ ጦር አልያዘም፤ የያዘው ብሩሽ ነው።

ሥዕሉ ውስጥ ነጻነት የምትባለዋ ሴት በአንድ እጇ ባንዲራ፣ በሌላው ጠመንጃ ይዛ ሬሳ ተሻግራ ትመጣለች። ከጎኗ ሁለት ሽጉጥ የያዘ ልጅ አለ። ኮፍያ ያደረገ የከተማ ሰው አለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ሁሉም በየራሱ ልብስ፣ በየራሱ ፊት። ጭስ አለ፣ ከጭሱ ጀርባ የኖትር ዳም ማማ በትንሹ ይታያል። ግራ በኩል ከታች ደግሞ ሱሪው የተገፈፈ ሬሳ ተዘርግቷል፤ እግሩ ላይ የቀረችው አንድ ካልሲ ብቻ ናት።

እኔን የያዘችኝ ካልሲዋ ናት። የዳቪድ ሟቾች ካልሲ አይጎድልባቸውም። ደላክሯ «አብዮት ቆንጆ ናት» ይላል፣ ሴትየዋን እዩዋት፤ ወዲያው ደግሞ «የምትረግጠው እነዚህን ነው» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ሸራ ላይ ማለት መቻሉ ነው ትልቅነቱ። አዲሱ መንግሥት ሥዕሉን ገዛው፤ ገዝቶ ግን ብዙም ሳይቆይ ከሕዝብ ዓይን አነሳው። ሕዝብ አንዴ ከተነሳ መቀመጥ ይረሳል ብለው ሳይሆን አይቀርም። አሁን ሁለቱም፣ የዳቪድ መሐላና የደላክሯ ነጻነት፣ ፓሪስ ሉቭር ውስጥ ናቸው። ከፍራንክፈርት በፈጣኑ ባቡር 4 ሰዓት አይሞላም።

ፓሪስ ለመሄድ ጊዜም ገንዘብም የሌለን ሰዎችስ? እኛም እኮ አብዮት አለን፣ እዚሁ ከሽቫንሃይም በ12 ቁጥር ትራም የሚደረስበት። ፓውልስኪርሸን በውጭ ያላየ የለም፤ ብዙዎቻችን ግን የገና ገበያ ስንሄድ እንደ መንገድ ምልክት ነው የምናያት። ሕንጻዋ በ1833 ያለቀች የኒዮክላሲክ ቤት ናት፦ ሞላላ ክብ፣ ጌጥ የሌላት፣ ጸጥ ያለች። በሜይ 18 ቀን 1848 ከመላው ጀርመን የተመረጡ ሰዎች የመጀመሪያውን ብሔራዊ ምክር ቤት የከፈቱት እዚያ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች ከፊት ለፊት ኦርጋን አለ። ኦርጋኑን የሚሸፍን ነገር ተፈለገ። ያን ጊዜ ነው ፊሊፕ ፋይት የመጣው።

ፋይት ሮማንቲክ ሠዓሊ ነው፣ ከዘር እስከ ጉልበት። የአይሁድ ፈላስፋው የሙሴ ሜንደልስዞን የልጅ ልጅ ነው፤ እናቱ ኋላ ያገባችው ፍሪድሪሽ ሽሌግልን፣ ከሮማንቲኮቹ አሳቢዎች ዋናውን ነው። እሱ ራሱ ካቶሊክ ሆነ፣ ናፖሊዮንን ለመውጋት በፈቃዱ ዘመተ፣ ሮም ኖረ፣ ከ1830 እስከ 1843 እዚህ የሽቴደል ዳይሬክተር ነበር። በማርች 1848 ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያላት ሴት በስስ የጥጥ ጨርቅ ላይ በጥድፊያ ሣለ። ስሟ ገርማኒያ ነው። ግራ እጇ ጥቁር ቀይ ወርቃማውን ባንዲራ ይዟል፣ ቀኝ እጇ ጎራዴ፤ ጎራዴው ላይ ለምለም ቅርንጫፍ አለ፣ ሰላም ለሚፈልግ ሰላም እንደማለት። ደረቷ ላይ ሁለት ራስ ያለው ንሥር፣ እግሯ ሥር የተበጠሰ ሰንሰለት፣ ከኋላዋ የምትወጣ ፀሐይ። ራሷ ላይ የኦክ ቅጠል አክሊል ደፍታለች።

የሽቫንሃይም ልጆች ኦክን ታውቁታላችሁ። ጫካችን ውስጥ ያሉት፣ ዕድሜያቸው በመቶዎች የሚቆጠር፣ ግንዳቸው የተጠማዘዘው ዛፎች እነዚያ ናቸው። ሮማንቲኮቹ ከሮማ ዓምድ ይልቅ የገዛ አገራቸውን ዛፍ መረጡ፤ የኛ ሰው ዋርካን ቢያስቀምጥ እንደማለት ነው።

አሁን ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ፋይት ከዚያ በፊት፣ በ1830ዎቹ፣ ለሽቴደል ገርማኒያን አንድ ጊዜ ሥሏታል፤ እዚያ ተቀምጣ ነው። በ1848 አቆማት። አሥር ዓመት ከምናምን ጠብቃ ተነሳች። እንደራሴዎቹ ቀና ባሉ ቁጥር እሷን ያዩ ነበር። ግን ከደላክሯ ሴት ጋር አወዳድሯት፦ ገርማኒያ አትሮጥም፣ ማንንም አልረገጠችም፣ ልብሷ ንጹህ ነው፣ ጸጉሯ አልተበተነም። ቅድስት ትመስላለች። ሮማንቲክ የተባለው ሠዓሊ ከአብዮት ጭሱን አውጥቶ ጥሎ ፀሐይዋን ብቻ አስቀረ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 18 ፍራንክፈርት ጎዳና ላይ ግን አጥር ተሠርቶ፣ ተኩስ ተከፍቶ፣ ሁለት እንደራሴዎች፣ ሊሽኖቭስኪና አውርስቫልት፣ በሕዝብ እጅ ተገድለዋል። ይህ ሥዕሏ ላይ የለም፤ ቀድማ ነው የተሣለችው። መምህራን «ኒዮክላሲክ ሥርዓት ነው፣ ሮማንቲክ ስሜት ነው» ብለው በሁለት ሳጥን ሲከቱት ስለዚህ ትንሽ አይዋጥልኝም። የሠዓሊው ምድብ ሳይሆን ሥዕሉ የሚሰቀልበት ቦታ የሚወስንበትም ጊዜ አለ። ከምክር ቤት ፊት ለፊት አንድ ካልሲ ያደረገ ሬሳ ማን ይሰቅላል?

ሌላም ልጨምር። ከእንደራሴዎቹ መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም። ሴቶች ሰገነት ላይ ሆነው እንዲያዳምጡ ብቻ ነበር የተፈቀደላቸው። 5 ሜትር የምትሆን ሴት ከፊት ሰቅለው፣ እውነተኞቹን ሴቶች ፎቅ ላይ አስቀመጧቸው። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሬፌራቱ ውስጥ ወዲያው ጻፈችው።

ምክር ቤቱ መሠረታዊ መብቶችን አወጀ፣ ሕገ መንግሥትም ጻፈ፤ የፕሩሲያው ንጉሥ የተሰጠውን ዘውድ አልቀበልም አለ፣ በ1849 የቀሩት እንደራሴዎች ሽቱትጋርት ሄደው እዚያ በወታደር ተበተኑ። መብቶቹ ግን ከ100 ዓመት በኋላ ዛሬ በምንኖርበት ሕግ፣ በግሩንድጌዜትስ ውስጥ ተመልሰው መጡ። ጥገኝነት ስንጠይቅ የቆምንበት መሬት ከዚያ ክብ ቤት ጀምሮ የተደለደለ ነው ማለት ይቻላል። ገርማኒያ ዛሬ ኑርንበርግ፣ በጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ናት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እኛ ጋ ዳቪድም ደላክሯም አልነበሩም፤ ግን የአድዋ ሥዕል አለን። በየቤቱ፣ በየሬስቶራንቱ አለ፣ የኔም ግድግዳ ላይ አለ። ልጆች፣ ልብ ብላችሁ እዩት፦ የኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ የጠላት ወታደሮች በጎን ስለተሣሉ አንድ ዓይን ብቻ። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ሕግ ነው፤ ጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ኃጥእ አንድ ዓይን። ሰልፉ በሥርዓት፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ። ከዳቪድ ጋር የሚያመሳስለው ሥርዓቱ ነው፤ ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደሆነ አትጠራጠሩም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥዕል መጣ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተባለና ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ቤት በሚያክል ሰሌዳ ላይ ወጡ። ቀበሌ ኪነት ውስጥ ስዘምር ከኋላችን የሚሰቀለው ወዛደር፣ ገበሬና ወታደር ነበር፤ ክንዳቸው የበሬ ታፋ ያክላል፣ ሦስቱም አንድ አቅጣጫ ያያሉ። የሆራቲዎቹን መሐላ ሳይ ቶሎ የታወቀኝ ለዚህ ነው። መንገዱ ከሞስኮ ዞሮ ነው የመጣው እንጂ እጃቸውን የዘረጉት እነዚያው ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ጥግ ላይ የሚያለቅሱት ሴቶች ግን ተፍቀዋል።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የያዙም ነበሩ። እሸቱ ጥሩነህ በወሎ ረሃብ ጊዜ የተራቡትን ሰዎች ሣለ፣ ክንዳቸው አጥንት የሆነ ሰዎች። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ደግሞ የጀርመን ሐበሻ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፣ ኮሎኝ ነው የተማረው። ሐረር ተወልዶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ልጅ ሆኖ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚህ መጥቶ ተማረና አገሩ ተመልሶ አስተማረ። «ጎልጎታ» የሚለው ሥዕሉ ላይ ስቅለቱ ሰው ሆኖ ሳይሆን ቀለም ሆኖ፣ ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው። «ይህ የፈረንጅ ነው» ያሉት ብዙ ነበሩ። ገጣሚም ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ተሰደደ፣ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ፣ ገና 50 ሳይሞላው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ፣ ጀርመን አገር ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹም ወደዚያ ተመልሰዋል። ዳቪድም ገብረ ክርስቶስም ስደት ላይ ሞቱ። አንዱ አብዮቱን ስላገለገለ፣ ሌላው አብዮቱ ስላልመቸው።

እንግዲህ በዚህ ወር አንድ እሑድ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ፍራንክፈርት የሚኖሩ ልጆች ኩፍቲ በሚባለው ካርድ ብዙ ሙዚየም በነጻ ይገባሉ፤ የሌላችሁ አመልክቱ። ከሽቫንሃይም 12 ቁጥርን ይዛችሁ ቪሊ ብራንት ፕላትስ ውረዱ፣ ከዚያ ሁሉም በእግር ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ሽቴደል ግቡና የቲሽባይንን ጎተ ፈልጉ። በ1787 የተሣለ ነው፣ ትልቅ ኮፍያ አድርጎ በነጭ ካባ የሮማ ፍርስራሽ መሃል ጋደም ብሏል፤ ኒዮክላሲክ ማለት ይኸው ነው። ልጆቹ እግሮቹን ይመልከቱ፤ ሁለቱም የግራ እግር ይመስላሉ! ሥርዓት አክባሪው ሠዓሊ እዚህ ላይ ተሸወደ።

ከዚያ ወደ ጎተ ቤት ተመለሱ፤ ከጎኑ በ2021 የተከፈተው የሮማንቲክ ሙዚየም አለ። እዚያ ግቢ ካለው ስብስብ ውስጥ በ1790 እና 91 የተሣለ የፉስሊ ሥዕል አለ። አንዲት ሴት ተኝታለች፣ ደረቷ ላይ አንድ ትንሽ ሰይጣን የሚመስል ነገር ተቀምጧል፣ ከመጋረጃው መሃል የፈረስ ጭንቅላት ብቅ ብሏል። ጀርመኖቹ ናሽትማር ይሉታል፤ እኛ ሳንተረጉም እናውቀዋለን፣ ዱካክ ነው። አያቶቻችን የነገሩንን ዱካክ አንድ ፈረንጅ ቁጭ ብሎ ሥሎታል። ከ6 ዓመት በታች የሆኑትን ግን ባታሳዩ ይሻላል፣ ሌሊት እናንተን ነው የሚቀሰቅሱት።

መጨረሻ ላይ ፓውልስኪርሸ፤ ክፍት መሆኗን አስቀድማችሁ እዩ። በ1944 በቦምብ ተቃጥላ በ1948 እንደገና የተሠራች ስለሆነ የገርማኒያን ቦታ አታገኙም። ምድር ቤቱ ውስጥ ግን በ1991 የተጠናቀቀ የዮሐነስ ግሩትስከ ትልቅ ክብ ሥዕል አለ፣ ጥቁር ልብስ የለበሱ እንደራሴዎች ተሰልፈው ይዞራሉ። ጀግና አይመስሉም። ደክሟቸዋል፣ ተጨናንቀዋል፣ አንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድም ያወቀ አይመስልም። ሴት አግኝታችሁ እንደሆነ ቆጥራችሁ ንገሩኝ፣ ለልጆች ውድድር አድርጉት። ቁጥሩን በትክክል ይዞ ሬስቶራንት ለመጣ ልጅ አንድ ሳምቡሳ በነጻ አለ።

በሚቀጥለው ወር ወደ ጎመን እንመለሳለን።